ጃንዋሪ 19፦ ጋምቢያን ማን ጠበቃት?



የዓለም ፖለቲካ በዶርም ውስጥ ሲነሳ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ ወገን «ሁሉም የኃያላን ጨዋታ ነው፤ ትንሽ ሀገር ምን አቅም አላት?» ይላል። ሌላው «ዓለም አቀፍ ሕግ አለ፣ የተባበሩት መንግሥታት አለ» ይላል። ሁለቱም አቋሞች አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፦ ዝርዝሩን ከማንበብ ያሳርፋሉ። ስለዚህ በዚህ እትም አንዲት ትንሽ ሀገር ወስደን ዝርዝሩን እንይ። በስታቲክስ ትምህርት መጀመሪያ የሚነገረን አንድን አካል ከአካባቢው ነጥለን በላዩ የሚያርፉትን ኃይሎች አንድ በአንድ እንድንስል ነው። ነጥለን የምንስላት ሀገር ጋምቢያ ናት። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወንዝና ድንበር

ጋምቢያ በአፍሪካ ዋና ምድር ላይ ካሉ ሀገሮች ሁሉ ትንሿ ናት። ስፋቷ 11 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካርታ ላይ ስትታይ በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ የተዘረጋች ቀጭን ንጣፍ ትመስላለች፤ በሦስት በኩል ሴኔጋል ከባታለች፣ በአራተኛው አትላንቲክ ውቅያኖስ አለ። ከሕዝቧ ከ100 ወደ 95 የሚሆነው ሙስሊም ነው።

ይህን ቅርጽ የሰጣት የሁለት ኃያላን ድርድር ነው። እንግሊዝ ወንዙን ይዛለች፣ ፈረንሳይ ዙሪያውን ይዛለች፤ በ1889 ተስማምተው ድንበሩን አሰመሩ። ከዚያ በፊት በ1870ዎቹ እንግሊዝ ጋምቢያን ለፈረንሳይ ሰጥታ በምትኩ ሌላ ቦታ ለመውሰድ ተደራድራ ነበር። ነገሩ እንዲከሽፍ ካደረጉት መካከል በዋና ከተማይቱ በባተርስት (የዛሬዋ ባንጁል) የነበሩ ነጋዴዎችና ነዋሪዎች የጻፉት የተቃውሞ አቤቱታ ይገኝበታል። አቤቱታ የሚጽፉ ሰዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግመው ስለሚመጡ ይህችን ነጥብ በአእምሯችን እንያዝ።

ሀገሪቱ ነጻ የወጣችው በፌብሩዋሪ 18 ቀን 1965 ነው። ከነጻነት በኋላ ደኅንነቷ ሁለት ጊዜ ክፉኛ ተፈትኗል፤ የሁለቱ ፈተናዎች ውጤት ግን ፍጹም የተለያየ ነው።

በጁላይ 1981 ፕሬዚዳንት ዳውዳ ጃዋራ ለልዑል ቻርለስ ሠርግ ለንደን ሳሉ ኩኮይ ሳምባ ሳንያንግ የሚባል ሰው ታጣቂዎችን ይዞ ሥልጣን ያዘ። ጃዋራ ከሴኔጋል ጋር የነበራቸውን የመከላከያ ስምምነት ጠቅሰው እርዳታ ጠየቁ። የሴኔጋል ጦር ገባና በጥቂት ቀናት ውስጥ መንግሥታቸውን መለሰላቸው፤ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ሞተ። በቀጣዩ ዓመት ሁለቱ ሀገሮች ሴኔጋምቢያ የተባለ ኮንፌዴሬሽን መሠረቱ። ጋምቢያውያን ግን በትልቁ ጎረቤት እንዳይዋጡ ፈሩ፤ ኮንፌዴሬሽኑ በ1989 ፈረሰ።

በጁላይ 22 ቀን 1994 ደግሞ ሌተናንት ያህያ ጃሜህና ጓደኞቹ ተነሱ። ጃሜህ ያኔ ገና 29 ዓመቱ ነበር። በዚያ ቀን የአሜሪካ የጦር መርከብ በባንጁል ወደብ ቆሞ ነበር። ጃዋራ ወደ መርከቡ ገቡ፤ መርከቡም ወደ ሴኔጋል ወሰዳቸው። የዓለም አንደኛው ባሕር ኃይል በዓይኑ እያየ መፈንቅለ መንግሥቱ ተጠናቀቀ። ሴኔጋልም አልገባችም። ጃሜህ 22 ዓመት ገዛ።

እንግዲህ የመፈንቅለ መንግሥቱ ዕለት ኃያል ሀገር እዚያው ወደቡ ላይ ነበረች። አቅም አላነሳትም። የጎደለው ምን ነበር? ጥያቄያችን ይህ ነው።

በስም የተደረገ ሃይማኖት

ወደ 2016 ከመሄዳችን በፊት ለእኛ የሚመለከት አንድ ነገር ላንሳ። ጃሜህ በዲሴምበር 2015 ሀገሪቱን «እስላማዊ ሪፐብሊክ» ብሎ አወጀ። ብዙም ሳይቆይ የመንግሥት ሠራተኛ ሴቶች ፀጉራቸውን እንዲሸፍኑ ትእዛዝ ወጣ፤ ጥቂት ቆይቶ ተነሳ። ይኸው ሰው ቁርኣንና መቁጠሪያ ይዞ አደባባይ እየወጣ ኤድስን በቅጠል አድናለሁ የሚል ሰው ነበር። በኦገስት 2012 ዘጠኝ እስረኞችን በአንድ ጊዜ ሲያስገድል ድርጊቱ ከእስልምና ውጭ ነው ብለው በግልጽ የተናገሩት ኢማም ባባ ሌይ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ተይዘው ለአምስት ወር ታሰሩ። ኢማሙን ያሰረው ሰው ነው ከሦስት ዓመት በኋላ ሀገሪቱን እስላማዊ ያላት። መድረሳ ተቀምጠን ስለ ንያ የተማርን ሰዎች የአንድን አዋጅ ርእስ አይተን ከማጨብጨባችን በፊት የአዋጁን ባለቤት ሥራ ማየት ይገባናል።

የብዩ ድምፅ

የጋምቢያ ምርጫ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ልብ የሚያሞቅ ነው። መራጩ ወረቀት አይሰጠውም፤ አንድ ብይ ይሰጠዋል። በመጋረጃው ውስጥ በእጩዎቹ ቀለም የተቀቡ የብረት በርሜሎች አሉ። ብዩን በመረጠው በርሜል ቀዳዳ ይከተዋል። ውስጥ ደወል አለ፤ ብዩ ይመታውና ድምፅ ይሰማል። ከበርሜሉ ሥር አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ስለሚደረግ ብዩ ነጥሮ ሁለተኛ ድምፅ አያሰማም። ስለዚህ ደወሉ ሁለት ጊዜ ከጮኸ አንድ ሰው ሁለት ብይ ከቷል ማለት ነው። ማንበብና መጻፍ ለማይችል መራጭ ተብሎ የተሠራ ቀላል መሣሪያ ነው፤ ለማጭበርበር ግን ከብዙ ኮምፒውተር ይልቅ ያስቸግራል።

በዲሴምበር 1 ቀን 2016 ኢንተርኔት ተዘግቶ ሕዝቡ ብዩን ጨመረ። ሰባት የተቃዋሚ ድርጅቶች ተስማምተው ያቀረቡት አዳማ ባሮው አሸነፈ። በታረመው ቆጠራ ባሮው 227,708፣ ጃሜህ 208,487 ድምፅ አገኙ። ጃሜህ በማግስቱ በቴሌቪዥን ሽንፈቱን ተቀብሎ ለባሮው ስልክ ደወለ። ዓለም ተገረመ። ከሳምንት በኋላ በዲሴምበር 9 ግን ሐሳቡን ቀይሮ ውጤቱን አልቀበልም አለ። አቤቱታውን የሚሰማው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በቂ ዳኛ አልነበረውም፤ ዳኞቹን ያባረራቸው ራሱ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ብዙ ጊዜ «ኢኮዋስ ገብቶ አስወጣው» ብለን እንዘጋዋለን። ይህ ግማሹን ይረሳል። የጠበቆች ማኅበሩ ጃሜህ ይውረድ አለ። አምባሳደሮቹ ሥልጣን አስረክብ ብለው ጻፉለት። «ጋምቢያ ወስናለች» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ሀገሩን ሞላው፤ ለባሾቹ እየታሰሩም አልቀረም። ሚኒስትሮች አንድ በአንድ ለቀቁ፤ በጃንዋሪ 18 ምክትል ፕሬዚዳንቷ ኢሳቱ ንጂ ሳይዲ ለቀቀች። የምርጫ ኮሚሽኑ ሊቀመንበር ሕይወቱን ፈርቶ ወደ ሴኔጋል ሸሸ፤ ውጤቱን ግን አልለወጠም። የውጭው ኃይል የሚደግፈው ነገር ያገኘው እነዚህ ሰዎች ቀድመው ስለቆሙ ነው። በ1994 እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት እርምጃ

የምዕራብ አፍሪካ ሀገሮች የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ፣ ማለትም ኢኮዋስ፣ በዲሴምበር 13 አራት መሪዎችን ወደ ባንጁል ላከ፦ የላይቤሪያዋ ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ፣ የናይጄሪያው ሙሐመዱ ቡሃሪ፣ የሴራሊዮኑ ኧርነስት ባይ ኮሮማ፣ የጋናው ጆን ማሃማ። ማሃማ ራሳቸው በዚያው ሳምንት በምርጫ ተሸንፈው ሽንፈታቸውን የተቀበሉ ሰው መሆናቸው ለመልእክቱ ከቃል በላይ ክብደት ሰጥቶታል። ጃሜህ አልሰማም። በጃንዋሪ 13 የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት ከጃንዋሪ 19 ጀምሮ ለጃሜህ እውቅና እንደማይሰጥ አስታወቀ። ለምን 19? የሕገ መንግሥቱ የሥልጣን ዘመኑ የሚያበቃው ያን ዕለት ስለሆነ ነው። ጃሜህ በ17ኛው ቀን የ90 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ወደ 45 ሺህ የሚሆን ሰው ወደ ሴኔጋል ተሰደደ፤ አብዛኛው ሴትና ሕፃን ነበር። ባሮውም ለደኅንነቱ ሲባል ዳካር ነበር፤ እዚያ ሳለ የስምንት ዓመት ልጁ ባንጁል አቅራቢያ ውሻ ነክሶት ሞተ፤ አባት ቀብሩ ላይ አልተገኘም።

በጃንዋሪ 19 የሆነውን በቅደም ተከተል እንየው፤ ቅደም ተከተሉ ሕጉ ራሱ ነውና። ከሰዓት በኋላ ባሮው ዳካር በሚገኘው የጋምቢያ ኤምባሲ ቃለ መሐላ ፈጸመ። ወዲያው የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ኒው ዮርክ ላይ ተሰብስቦ ውሳኔ 2337ን በ15 ድምፅ፣ ያለ ተቃውሞና ያለ ድምፀ ተአቅቦ አጸደቀ። ከዚያ በኋላ የሴኔጋልና የሌሎች የኢኮዋስ ሀገሮች ወታደሮች ድንበር ተሻገሩ።

አሁን ወደ ሰነዱ እንግባ። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር በመርህ ደረጃ ኃይል መጠቀምን ይከለክላል። አንቀጽ 53 ደግሞ የአካባቢ ድርጅቶች ያለ ጸጥታው ምክር ቤት ፈቃድ የማስገደድ እርምጃ እንዳይወስዱ ይላል። ምክር ቤቱ ኃይል ሲፈቅድ የሚጠቀምበት የታወቀ ቋንቋ አለው፦ ምዕራፍ ሰባትን ይጠቅስና «አስፈላጊ የሆኑ እርምጃዎች ሁሉ» ይላል። በውሳኔ 2337 ውስጥ ምዕራፍ ሰባትም የለም፣ ያ ሐረግም የለም። ያለው ለባሮው እውቅና መስጠትና ኢኮዋስ የሕዝቡን ፈቃድ ለማስከበር፣ በቅድሚያ በፖለቲካዊ መንገድ፣ የሚያደርገውን ጥረት መደገፍ ነው።

ሴኔጋል ያኔ የምክር ቤቱ አባል ነበረች፤ ረቂቁን የጻፈችውም እሷ ናት። ጠንካራውን ሐረግ ለምን ተወችው? መልሱ ሊቢያ ነው። በ2011 ምክር ቤቱ በውሳኔ 1973 ሲቪሎችን ለመጠበቅ ኃይል ሲፈቅድ ሩሲያና ቻይና ድምፀ ተአቅቦ አድርገው አሳለፉት። ጥበቃው ወደ መንግሥት መገልበጥ ሲሄድ ተታለልን አሉ። ከዚያ ወዲህ ያ ሐረግ በቀላሉ የሚያልፍ አልሆነም። ሐረጉ ቢኖር ምናልባት ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት ይገጥመው ነበር። ሐረጉ ሲወጣ 15ቱም እጃቸውን አነሱ። ከ15ቱ አንዷ በዚያው ወር ወንበሯን የያዘችው ኢትዮጵያ ነበረች።

ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። በሑደይቢያ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከቁረይሾች ጋር ሲዋዋሉ የቁረይሾቹ ተደራዳሪ ሱሀይል ኢብን ዐምር «የአላህ መልእክተኛ» የሚለው ቃል ከሰነዱ ይውጣ አለ። ዐሊይ (ረ.ዐ) አልፍቅም አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ቃሉ እንዲወጣ ፈቀዱ፤ የአባታቸው ስም ተጻፈበት። ብዙ ሶሐቦች ያን ቀን አዘኑ። የሰነዱ ፍሬ ምን እንደነበር ግን ከሁለት ዓመት በኋላ መካ ስትከፈት ታየ። ዳካርና ኒው ዮርክን ከሑደይቢያ ጋር ማነጻጸሬ አይደለም፤ ሐሻ። በድርድር አንድ ቃል የተወ ሁሉ ተሸነፈ ማለት እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

ታዲያ ወታደሮቹ በምን ፈቃድ ገቡ? በባሮው ጥሪ። ዓለም የሚያውቀው ፕሬዚዳንት ወደ ሀገሬ ግቡ ካለ ወረራ አይባልም የሚለው ነው ክርክሩ። ይህ በሕግ ሊቃውንት ዘንድ ያለቀ ጉዳይ አይደለም። ባሮው ያን ዕለት ከአንድ ኤምባሲ ግቢ ውጭ አንዲት ስንዝር መሬት አይቆጣጠርም ነበር። ሀገሩን በእጁ ያልያዘ ሰው የውጭ ጦር መጥራት ከቻለ ነገ ማንም ኃያል ሀገር አንድ ስደተኛ ፖለቲከኛ አስምሎ ጦሩን ሊያስከትል ይችላል። እኔ እንደማየው የጋምቢያን ሁኔታ የለየው የብዩ ቆጠራ ነው፤ ባሮውን መርጦ ያቀረበው የውጭ መንግሥት አልነበረም፤ ተሸናፊው ራሱም በቴሌቪዥን አምኖ ነበር። የቆጠራው ጥራት ከሌለ የሕጉ ክርክር በራሱ አይቆምም።

የኃያላኑ ስሌት

አሁን በአካሉ ላይ ያረፉትን ኃይሎች እንሳል። ሩሲያ በጋምቢያ የምትከላከለው ጥቅም አልነበራትም። ቻይና ከጋምቢያ ጋር ግንኙነቷን ያደሰችው ገና በማርች 2016 ነው፤ ጃሜህ ከዚያ በፊት ለዓመታት የታይዋን ወዳጅ ነበር። እንግሊዝን በ2013 ከኮመንዌልዝ በመውጣት አስቀይሟል። አሜሪካ በማግስቱ ፕሬዚዳንት የምትቀይር ሀገር ነበረች። በአንድ ቃል፣ ጃሜህ ከአምስቱ ባለ ድምፅ መብቶች አንድም የሚቆምለት አልነበረውም። ኃያላኑ ያደረጉት ዋና ነገር መንገዱን አለመዝጋት ነው።

ግፊቱ ከጎረቤት መጣ። ሴኔጋል የራሷ ምክንያት ነበራት። ጃሜህ በደቡብ ሴኔጋል በካዛማንስ ያሉትን አማፅያን ይረዳል ተብሎ ይከሰስ ነበር፤ በ2016 ደግሞ የወንዝ መሻገሪያውን ክፍያ በብዙ እጥፍ በመጨመሩ የሴኔጋል ሾፌሮች ድንበሩን ለወራት ዘግተው ነበር። ፍትሕና ጥቅም አንድ አቅጣጫ የያዙበት አጋጣሚ ነው። ሁልጊዜ አይገጥምም። በጁላይ 2023 በኒጀር መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ ይኸው ኢኮዋስ ጦር እልካለሁ ብሎ ቀነ ገደብ ሰጠ። ኒጀር ግን በሦስት በኩል በአንድ ጎረቤት የተከበበች ጠባብ ንጣፍ አይደለችም፤ ስፋቷ ከ1.2 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ማሊና ቡርኪናፋሶ ኒጀርን መንካት እኛን መንካት ነው አሉ፤ የናይጄሪያ ሴኔትም ለጦርነት ልቡ አልነበረም። ቀነ ገደቡ አለፈ። ሦስቱ ሀገሮች በጃንዋሪ 2025 ከኢኮዋስ ወጡ።

በባንጁል ግን ስሌቱ ቀላል ነበር። የጦር አዛዡ ወታደሮቼን አላዋጋም አሉ። ጦሩ ድንበር እንደተሻገረ ቆመና ለመጨረሻው ሽምግልና ጊዜ ተሰጠ። የጊኒው አልፋ ኮንዴና የሞሪታኒያው ሙሐመድ ኡልድ አብደልአዚዝ ከጃሜህ ጋር ተቀመጡ። በጃንዋሪ 21 ምሽት ጃሜህ በአውሮፕላን ወጣ፤ መዳረሻው ኢኳቶሪያል ጊኒ ነበረች፤ የዓለም አቀፉ ወንጀል ፍርድ ቤት አባል ያልሆነች ሀገር። ኢኮዋስ፣ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት በዚያው ቀን ባወጡት የጋራ መግለጫ የጃሜህ ክብርና ደኅንነት እንደሚጠበቅ ገለጹ። ቅንጡ መኪኖቹ በጭነት አውሮፕላን ተከተሉት። ልጆቻቸው በእስር ቤት የጠፉባቸው እናቶች ይህን በዜና አዩ። ደም ሳይፈስ መውጣቱ ዋጋ እንደነበረውና ዋጋውን የከፈሉት እነማን እንደሆኑ መደበቅ አይገባም። የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽኑ በ2019 የምስክሮችን ቃል መስማት ሲጀምር ገዳዮቹ ራሳቸው በቴሌቪዥን ቀርበው ማንን እንዴት እንደገደሉ ተናገሩ።

የጠባቂው ቆይታ

ጦሩም ቶሎ አልወጣም። የኢኮዋስ ኃይል የቆይታ ጊዜው በተደጋጋሚ እየተራዘመ ለዓመታት ቆየ። በጁን 2017 በጃሜህ የትውልድ መንደር በካኒላይ በተቃውሞ ሰልፍ ላይ ከወታደሮቹ ጋር ግጭት ተፈጥሮ ሰው ሞተ። ባሮው የራሱን ጦር ስላላመነ የውጭ ወታደር ያጅበው ነበር። በ1980ዎቹ በኮንፌዴሬሽኑ ጊዜ የነበረው የመዋጥ ፍርሃት በባንጁል ሻይ ቤቶች ተመልሶ መነሳቱ አይደንቅም። በሌላ በኩል ደግሞ ለዘመናት በጀልባ ብቻ ይቆረጥ የነበረው ወንዝ በጃንዋሪ 21 ቀን 2019 ድልድይ አገኘ፤ ጃሜህ በወጣ ልክ በሁለተኛ ዓመቱ። ባሮውና የሴኔጋሉ ማኪ ሳል አብረው መረቁት።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር 11 ጋምቢያ ሚያንማርን በሮሂንጋ ሙስሊሞች ላይ የዘር ማጥፋት ወንጀል ፈጽማለች ብላ በሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የፍትሕ ፍርድ ቤት ከሰሰች። የእስላማዊ ትብብር ድርጅት ደገፋት። ጉዳዩን ያንቀሳቀሰው የፍትሕ ሚኒስትሩ አቡበከር ታምባዱ ቀድሞ በሩዋንዳው የወንጀል ፍርድ ቤት አቃቤ ሕግ ሆኖ የሠራ፣ በ2018 በባንግላዴሽ የሮሂንጋን መጠለያ ካምፕ በዓይኑ ያየ ሰው ነው። ከሚያንማር ጋር ድንበር የላትም፣ ባሕር ኃይሏ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ያላት በዘር ማጥፋት ኮንቬንሽኑ ላይ ያለው ፊርማዋ ነው። አንዳንድ ትልልቅና ሀብታም ሙስሊም ሀገሮችም ያ ፊርማ አላቸው።

አውንግ ሳን ሱ ቺ በዲሴምበር ራሷ ሄግ ቀርባ ሀገሯን ተከላከለች። ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 23 ቀን 2020 ሚያንማር ሮሂንጋዎችን ከእንዲህ ያለ ጥቃት እንድትጠብቅና ማስረጃ እንዳታጠፋ ጊዜያዊ ትእዛዝ ሰጠ። 17ቱም ዳኞች ተስማሙ፤ ቻይናዊቷ፣ ሩሲያዊውና አሜሪካዊቷ ዳኛ ጭምር፣ ሚያንማር ራሷ የሾመችውም ዳኛ እንዲሁ።